ካውንተርቴነር ድምፅ ማቅጠን ብቻ ነው እንዴ?

ጠያቂ፦
ሰላም ጎበዞች። ካውንተርቴነሩ (በሴት ድምፅ ከፍታ የሚዘምር ወንድ) ፊሊፕ ዣሩስኪ የዘመረውን የቪቫልዲ የመዝሙር ሥራ «ኒሲ ዶሚኑስ» ሰሞኑን ደጋግሜ እየሰማሁ ነው፤ በተለይ «ኩም ዴደሪት» የሚለው ክፍል ልቤን ወስዶታል። ጓደኛዬ ግን «ድምፅ ማቅጠን ነው፣ ማንም ወንድ ይችለዋል» እያለ ያጣጥለዋል። እውነት ይሄን ያህል ቀላል ነው? ጥሩውን በምን ትለዩታላችሁ? በባሮክ ዘመንስ (በእነ ቪቫልዲና ባክ ጊዜ) የሚዘምሩት ካውንተርቴነሮች ነበሩ?

መልስ 1፦
ማቅጠኑንማ ማንም ይችላል። አብዛኞቹ ካውንተርቴነሮች የሚዘምሩት በፋልሴቶ፣ ማለትም ከተለመደው ድምፃቸው በላይ ባለው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲያወሩ ብትሰማቸው ብዙዎቹ ወፍራም ድምፅ ነው ያላቸው። በፋልሴቶ የድምፅ አውታሮቹ ይወጠሩና ይሳሳሉ፣ የሚርገበገበውም በዋናነት ጠርዛቸው ነው፣ በደንብ ስለማይገጥሙ ትንፋሽ ያመልጣል። ያልሠለጠነ ሰው ሲሞክረው ድምፁ ባዶ የሚሆነው፣ ሐረጉ ሳያልቅም አየር የሚያጥረው ለዚህ ነው። ሌላው ፈተና ታች ነው። ዜማው ሲወርድ ፋልሴቶው ይዳከማል፣ ዘማሪው ወደ ደረት ድምፁ፣ ሲያወራ ወደሚጠቀምበት ወፍራም ድምፅ፣ መሻገር አለበት፤ መሻገሩ ግን ሊታወቅ አይገባም። እኔ አዲስ ዘማሪ ስሰማ ጆሮዬን የምጥለው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 2፦
«ኩም ዴደሪት»ን ካነሳህ አይቀር እሱኑ እንየው። ቃሉ ከመዝሙረ ዳዊት ነው፣ እግዚአብሔር ለወዳጆቹ እንቅልፍን ስለመስጠቱ። ቫዮሊኖቹ ድምፃቸው ታፍኖ በዝግታ ይወዛወዛሉ፣ ዣሩስኪ ከላያቸው ይገባል። ረጅሙን ኖታ ልብ በል፦ ከምንም ይነሳል፣ በአንድ ትንፋሽ ቀስ እያለ ይሞላል፣ መልሶ ይሳሳል። ጣሊያኖች ሜሳ ዲ ቮቼ ይሉታል። ድምፁ ሲያድግ ቃናው ሽቅብ ካላለ፣ ሲቀንስም ካልወረደ፣ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ወዲያው ደግሞ «ሲኩት ሳጊቴ» ይመጣል፣ በኃያል እጅ እንዳሉ ፍላጻዎች የሚለው፣ እሱ ፈጣን ነው። ያው ሰው አሁን እያንዳንዱን ኖታ ጥርት አድርጎ መወርወር አለበት። ለጓደኛህ ሁለቱን አከታትለህ አሰማው።

መልስ 3፦
ታሪኩ ላይ ግን እንተማመን። ቪቫልዲ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥራዎቹን የጻፈው ቬኒስ ውስጥ በኦስፔዳሌ ዴላ ፒየታ፣ በሕፃናት ማሳደጊያው፣ ላደጉ ሴቶች ነው። ላይፕዚግ ውስጥ ለባክ ይዘምሩ የነበሩት የቶማስ ትምህርት ቤት ልጆችና ወጣት ወንዶች ናቸው። ጣሊያን ውስጥ ካስትራቶዎች፣ ድምፃቸው እንዳይወፍር በልጅነታቸው የተሰለቡ ወንዶች፣ ነበሩ። የሃንደል «መሲሕ» እ.ኤ.አ. በ1742 ደብሊን ላይ ሲቀርብ ከዘማሪዎቹ አንዷ ሴት ነበረች፣ ሱዛና ሲበር። ወንድ አልቶዎች (አልቶ ማለት ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ ክልል ነው) በእንግሊዝ ካቴድራሎች መዘምራን ውስጥ ቢቆዩም፣ ካውንተርቴነርን ለብቻው መድረክ ላይ ያወጣው በዋናነት እንግሊዛዊው ዘማሪ አልፍሬድ ዴለር ነው፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ። ስለዚህ «ትክክለኛው የዘመኑ ድምፅ ይሄ ነው» የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ለባክ «ኤርባርመ ዲሽ» («ማረኝ») ዜማ እኔ አሁንም ሴት አልቶ እመርጣለሁ። ጴጥሮስ ከካደ በኋላ የሚመጣ ልቅሶ ነው፣ ከታች ክብደት ይፈልጋል።

መልስ 4፦
በታሪኩ እስማማለሁ፣ በምርጫህ ግን አይደለም። ካውንተርቴነሩ አንድሬያስ ሾል ከሙዚቃ መሪው ፊሊፕ ሄረቬገ ጋር የቀረጸውን «ኤርባርመ ዲሽ» ስማው። ቫዮሊኑ ቀድሞ አልቅሶ ይጨርሳል፣ ሾል ሲገባ ልቅሶ አይጨምርበትም፣ ምሕረት የሚለምነውን ቃል በእርጋታ፣ ያለ ጌጥ ይለዋል። ክብደቱ ለእኔ እዚያ እርጋታ ውስጥ ነው ያለው። ጠያቂው፣ ከዣሩስኪ ቀጥለህ እሱን ሞክር፤ ሁለት ካውንተርቴነሮች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያኔ ይገባሃል።