የፓሪሱን ወርቅ ማን ጣለው? ሱ ዌይዴ ወይስ አሰላለፉ?

ባለሪንጉ፦
ትናንት እዚህ የተለጠፈውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የቻይናን የወንዶች ጂምናስቲክ ቡድን ወርቅ የጣለው ሱ ዌይዴ ነው። ከባሩ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ማንም አልገፋውም» ይላል። አንድን ልጅ ለብቻው እንዲህ መኮነን ግፍ ነው። ከስድስቱ መሣሪያ አምስቱ አልቆ ባሩ (ከፍ ያለው አግድም ብረት) ብቻ ሲቀር ቻይና ጃፓንን በ3.267 ትመራ ነበር። ይሄን ሁሉ ይዞ የገባ ቡድን ወርቁን ካጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሰልጣኙ ነው። ልጁ እኮ ተጠባባቂ ነበር፤ ሱን ዌይ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ሲወጣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ነው የተተካው።

አቡ ዮናስ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እዛው ነኝ። ጃፓን 259.594፣ ቻይና 259.062። ልዩነቱ 0.532። ሱ ባሩ ላይ ያገኘው 11.600 ነው። 12.133 ቢያገኝ ወርቁ የቻይና ነበር። አንድ ውድቀት 1.0 ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ባይወድቅ ይበቃ ነበር። ይሄን ሒሳብ አሰልጣኝ ላይ እንዴት ትለጥፈዋለህ? ማንም አልገፋውም።

ማግኒዥየም፦
አቡ ዮናስ፣ ደንቡ ገፍቶታል። በማጣሪያው በየመሣሪያው አራት ሰው ይሠራል፣ ሦስት ይቆጠራል። በፍጻሜው ሦስት ይሠራል፣ ሦስቱም ይቆጠራል። የሚጣል ነጥብ የለም። የአሜሪካው ብሮዲ ማሎን በማጣሪያው ከባርም ከፖሜል ሆርስም (እጀታ ካለው ፈረስ) ወድቋል፤ ደካማ ነጥብ መጣል ስለሚቻል አሜሪካ አልሰመጠችም። አምስተኛ ሆና አለፈችና በፍጻሜው ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን የቡድን ሜዳሊያ ወሰደች። በሲድኒ 2000 እኮ በፍጻሜም አምስት ሠርቶ አራት ነበር የሚቆጠረው። በዚያ አሠራር የሱ 11.600 ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

የኦካ ደጋፊ፦
ደንቡ ለጃፓን ሌላ ነው እንዴ? ሃሺሞቶ ከፖሜል ሆርሱ ሲወድቅ ማን ጣለለት? ተቆጠረበት! ፖሜል ሆርስ ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ያንን ጉድለት ተሸክመው ሪንግ (ቀለበት)፣ ቮልት (ዝላይ)፣ ፓራለል ባር (ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዘንጎች) አልፈው ባሩ ላይ ደረሱ። አንድም ሰው ተስፋ አልቆረጠም። ስለ ቻይና መውደቅ ብቻ ስታወሩ ጃፓን ያሸነፈችውን ማንም አያነሳም።

አቡ ዮናስ፦
እግዜር ይስጥህ። አንዱ ቡድን አንድ ጊዜ ወደቀ፣ ሌላው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ጊዜ። ደንቡ ሁለቱንም እኩል ነው የዳኘው።

ሄለን ከዲሲ፦
ስለ አሰላለፉ የሚያወራ የለም እንጂ ነገሩ ያለው እዛ ነው። አምስት ቦታ አለህ። ሊዩ ያንግ የሪንግ ሰው ነው፤ በቶኪዮም በፓሪስም የሪንግ ወርቅ ወስዷል። ዙ ጂንግዩዋን በፓራለል ባር ፍጻሜ 16.200 ያገኘ ሰው ነው፤ እዛ ላይ የሚስተካከለው የለም። እነዚህ ሁለቱ ነጥብ ይቆልላሉ። ግን ሁለት ቦታ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ስትሰጥ ፍሎሩና (የምንጣፉ ሥራ) ባሩ በዣንግ ቦሄንግ፣ በሺያዎ ሩዎቴንግና በአምስተኛው ሰው ላይ ይወድቃል። አምስተኛው ሰው ሲጎዳ ተተኪው የግድ የባር ሰው መሆን አለበት። ሱ ባሩ ላይ የቆመው ለዚህ ነው፣ አቡ ዮናስ። ገፊ ከፈለግህ ይኸው።

አቡ ዮናስ፦
ሄሉ፣ አሜሪካም እንደዛው አድርጋለች። ስቲቨን ኔዶሮስቺክ በቡድን ፍጻሜው ፖሜል ሆርስ ብቻ ነው የሠራው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ ጠብቆ መጨረሻ ላይ ወጥቶ 14.866 አመጣ። የቀሩት አራቱ ሌላውን ተሸከሙት፤ አንድም አልወደቁም። አሰላለፉ አንድ ዓይነት፣ ውጤቱ ሌላ።

ሄለን ከዲሲ፦
አንድ ዓይነት አይደለም! እነሱ አንድ ስፔሻሊስት፣ ቻይና ሁለት። አራት ሰው ለሦስት ቦታ ሲኖርህ ማሳረፍ ትችላለህ፤ ሦስት ለሦስት ሲሆን የምታሳርፈው ሰው የለም።

ባለሪንጉ፦
ቆይ፣ ስለ ባሩ በደንብ እንነጋገር። 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። ኮቫክስ የሚሠራ ሰው ወደ ላይ እየወጣ እጁን ለቅቆ፣ ከባሩ በላይ ሁለቴ ተገልብጦ መልሶ ይይዘዋል። ቶሎ ከለቀቀ ጉልበቱ ሁሉ ሽቅብ ይሄዳል፣ ባሩን አይሻገርም፣ እላዩ ላይ ይመጣል። ዘግይቶ ከለቀቀ ዝቅ ብሎ ርቆ ይበራል፣ ጣቱ አይደርስም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ዓይን የማይለየው ነው። ሳይዝ ከወደቀ ደግሞ ቅጣቱ 1.0 ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴው ራሱ አይቆጠርለትም፤ 0.5 የሚያወጣ ከነበረ እሱም ሄደ፣ ከሚቀጥለው ጋር ካያያዘው የማያያዣው 0.1 ወይም 0.2 ሄደ። አንድ መሳት ከ1.5 በላይ ያስወጣል።

አሁን በ3.267 እየመራህ ነው እንበል። አንዱን በረራ አውጥተህ 0.2 ወይም 0.3 የሚያወጣ ቀላል ነገር ብታስገባ ከነማያያዣው የምታጣው ግማሽ ነጥብ ቢሆን ነው። ግማሽ ነጥብ ሰጥተህ ነጥብ ተኩል ታድናለህ። ሦስት ለዜሮ እየመራ በረኛውን ለማዕዘን ምት የሚልክ አሰልጣኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማግኒዥየም፦
ባለሪንጉ፣ ወገንህ ነኝ፤ ይሄን ግን አልቀበልም። የባር ፕሮግራም ከዙር ወደ ዙር በምት የተሰፋ ነው። አንዱን በረራ ስታወጣ የሚቀጥለው የሚነሳበት ዙር ይቀየራል፤ ሰውነቱ በልምምድ የያዘው ምት ይፈርሳል። ለዚያ ተብሎ ቀደም ብሎ የተጠና ቀለል ያለ ፕሮግራም ካለ እሺ። ማግኒዥየሙን (የእጅ ዱቄቱን) እየቀባ ላለ ልጅ «ሁለተኛውን ተወው» ማለት ሌላ መውደቂያ መስጠት ነው።

ባለሪንጉ፦
ታዲያ ቀደም ብሎ ማስጠናት የማን ሥራ ነው? የአሰልጣኙ! አንተው አረጋገጥክልኝ።

የኦካ ደጋፊ፦
የቻይና ደጋፊ ሁሌ ጥፋተኛ ይፈልጋል። በቶኪዮም ሃሺሞቶ ሺያዎን በግል አጠቃላይ (አንድ ሰው ስድስቱንም መሣሪያ በሚሠራበት) ሲያሸንፍ ቮልቱ ላይ ከምንጣፉ ወጥቶ እንዴት 14.700 ተሰጠው ብላችሁ ዓለምን አስጮሃችሁ።

ሄለን ከዲሲ፦
ብንጮህስ! ሺያዎ ባሩን ጨርሶ ለዳኞች ሰላምታ ስላልሰጠ 0.3 ተቀነሰበት። እግሩ ከምንጣፍ የወጣ ያሸንፋል፣ እጁን ያላነሳ ይቀጣል?

የኦካ ደጋፊ፦
ልዩነቱ 0.400 ነበር፣ እህቴ። 88.465 ለ88.065። 0.3ቱን ብትመልሺለትም ሁለተኛ ነው። ከምንጣፍ መውጣትም ተቀንሶበታል፤ የዓለም ጂምናስቲክ ፌዴሬሽኑ ራሱ ነጥቡ ትክክል ነው ብሎ መግለጫ አውጥቷል።

ሄለን ከዲሲ፦
ፌዴሬሽኑ የራሱን ዳኛ ምን እንዲል ትጠብቃለህ?

አቡ ዮናስ፦
ቶኪዮን ካነሳችሁ አይቀር የቡድኑንም አንሱት። ሩሲያዎቹ 262.500፣ ጃፓን 262.397፣ ቻይና 261.894። ሦስቱ ቡድን በ0.606 ውስጥ ነበሩ። በዚህ ደረጃ ወርቅ የሚወስደው የማይወድቅ ነው። ለዚህ ነው ማንም አልገፋውም ያልኩት፣ አሁንም የምለው።

ባለሪንጉ፦
አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘህ ሙሉ ቀን ዋልክ። አልመለስክልኝም፦ በ3.267 የሚመራ ቡድን ለምን ተጠባባቂውን ያን ሸክም አሸከመው?

አቡ ዮናስ፦
ከማዶ የቶኪዮ የባር ሻምፒዮን ሃሺሞቶና ኦካ ተራ እየጠበቁ ስለነበር። ኦካ እኮ በኋላ የፓሪስን የባር ወርቅ ወስዷል። ጃፓን ባሩ ላይ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። እነሱ ፊት ግማሽ ነጥብ በነጻ አይሰጥም።

ማግኒዥየም፦
ግማሹን ከልክለው ከሦስት በላይ ሰጡ እኮ፣ አቡ ዮናስ።