የማንክስ ኖርተን አምሳያ በደብረ ብርሃን፦ ሻንሲውን ከየት ልጀምር?

የበረሳ ዳር፦
ሰላም ወንድሞች። ማንክስ ኖርተን የተባለውን የድሮ የእንግሊዝ የውድድር ሞተር ሳይክል የሚመስል እቤት ከባዶ ልሠራ ነው። ያለኝ ሻንሲው የተጣመመ ባለ 125 ሲሲ የቻይና ሲጂ ሞተር ሳይክል ነው፤ ሞተሩ፣ ፎርኬላውና ሁለቱ ባለ 18 ኢንች ቸርኬዎች ደህና ናቸው። የምበይደው በተራ የኤሌክትሮድ ማሽን ነው፣ ቶርኖ ከተማ ውስጥ አለ። ቱቦው ምን ዓይነት ይሁን? የፎርኬላውን ዝንባሌ ከፎቶ ላይ ብለካው ይበቃል? ሞተሩ ደግሞ እዚህ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጉልበትም የለውም፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ በተቃራኒው እንዳይጎዳብኝ እሰጋለሁ። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ቱንቢ፦
ከፎቶ አትለካ። ፎቶው ልክ ከጎን ካልተነሣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይዋሻል፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ዲግሪ ብዙ ነው። ዋናው ነገር የመሪው ዘንግ መስመር ወደ መሬት ሲቀጥል ከሚያርፍበት ነጥብ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የጎማውን ሬዲየስ በዝንባሌው (የመሪው ዘንግ ከቋሚ መስመር ያጋደለበት ዲግሪ) ሳይን ታበዛለህ፣ አክሱ ከመሪው ዘንግ መስመር ወደ ፊት የወጣበትን ልክ ትቀንሳለህ፣ የቀረውን ለኮሳይኑ ታካፍላለህ። ባለ 18 ቸርኬ ከ2.75 ጎማ ጋር ሬዲየሱ 300 ሚሊሜትር ያህል ነው። አክሱ 45 ሚሊሜትር ከወጣ በ25 ዲግሪ 90 ሚሊሜትር ታገኛለህ። በ23 ዲግሪ 78 ይሆናል፣ በ27 ደግሞ 102። ሲያንስ መሪው ይፈጥናል ግን ኮረኮንች ላይ ይርገበገባል፤ ሲበዛ ኩርባ ላይ ይከብዳል። አንተ 25 ላይ ቁም። 45ቱን ግን ከእኔ አትውሰድ፣ የራስህን ፎርኬላ ለካ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ማንክስ ቸርኬው 19 ነው፣ ከአክስ እስከ አክስ ደግሞ 1,400 ሚሊሜትር ገደማ። ያንተ ቸርኬ 18፣ ሞተርህም ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም በ0.9 አባዛ፤ 1,260 አካባቢ ይመጣል። ታንኩንና ኮርቻውንም በዚያው ልክ ካልቀነስክ ሞተሩ ሻንሲው ውስጥ የጠፋ ይመስላል።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቱቦ በማጠፍ ስለሚጀምር ነው። መጀመሪያ መያዣ ጠረጴዛ ሥራ፦ 100 በ50 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦላሬዎች፣ ርዝመታቸው 1.6 ሜትር፣ በሊቬላ ተስተካክለው መሐላቸው ላይ መስመር የተጫረበት። በዚያ ላይ የኋላውን አክስ፣ የኋላ ሹካውን (የኋላ ቸርኬውን ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለውን) ማዞሪያ፣ ሞተሩንና የመሪውን አንገት ቦታ ቦታቸው አስረህ ታቆማለህ። ቱቦው የሚመጣው እነዚህን ለማገናኘት ነው። የሞተሩን ቦታ የሚወስነው ካቴናው ነው፤ የፊቱንና የኋላውን ስፕሮኬት በቀጥተኛ ብረት አስተያይ፣ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ካቴናው ጥርሱን በጎን ይበላል። የሹካው ማዞሪያ ለፊቱ ስፕሮኬት በተቻለ መጠን ይቅረብ። የካቴናውን ልል የምትለካው የፊቱ ስፕሮኬት፣ ማዞሪያውና የኋላው አክስ በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው፤ በጣም የሚወጠረው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ጠባሴ ብየዳ፦
ቱንቢ ያለው ልክ ነው። የማንክስ ሻንሲ ፌዘርቤድ ይባላል፣ የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው ነው፤ ተወዳዳሪው ጄፍ ዱክ እ.ኤ.አ. በ1950 በማን ደሴት ሲኒየር ቲቲ የተባለውን ውድድር ያሸነፈው በእሱ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሙሉ ቀለበት አለው። ከሞተሩ ፊት የሚወጣው ቱቦ ወደ አንገቱ ላይኛ ጫፍ ይሄዳል፣ ከታንኩ ሥር የሚመጣው ደግሞ ወደ ታችኛው ጫፍ፤ ሁለቱ እዚያ ይተላለፋሉ። መልኩንም ጥንካሬውንም የሚሰጠው ይሄ መተላለፍ ስለሆነ አታስቀረው።

ዋናው የተሠራው ሬይኖልድስ 531 በሚባል ቅይጥ ብረት ነው። እኛ ጋ በሚገኝ ተራ ብረት ስትሠራ ክብ ቱቦ፣ የውጭ ዲያሜትሩ 28፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ውሰድ። ሁለት ባለ 6 ሜትር ይበቃል፣ ትርፍም ይኖርሃል። ክብደቱ በሜትር 1.3 ኪሎ ያህል ነው፤ 9 ሜትር ብትጠቀም ወደ 12 ኪሎ ማለት ነው። ውፍረቱ 1.2 የሆነውን የወንበር ቱቦ አትንካው፣ በኤሌክትሮድ ይበሳል፣ ቢያመልጥም ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል።

ስታጥፍ ውስጡን በአሸዋ ጠቅጥቀህ ሁለቱን አፍ በእንጨት ድፈን። አሸዋው በእሳት ታምሶ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ድፍኑን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። የቱቦው ስፌት ከመታጠፊያው ጎን ይሁን፣ በውጭ ከሆነ ይተረተራል፣ በውስጥ ከሆነ ይጨማደዳል። የመታጠፊያው ሬዲየስ ከ85 ሚሊሜትር አይነስ።

ቱቦ ከቱቦ ሲገጥም አፉን በሞረድ እንደ ዓሣ አፍ ቅረጸው፣ ክፍተቱ ከ1 ሚሊሜትር አይብለጥ። ክፍተትን በብየዳ መሙላት ነው ሻንሲ የሚያጣምመው። ኤሌክትሮድ 6013፣ ባለ 2.5 ሚሊሜትር፣ ከ60 እስከ 75 አምፔር። መጀመሪያ ሁሉንም መጋጠሚያ አራት አራት ቦታ ነጥብ አድርገህ ያዝ፣ ለካ፣ ከዚያ 25 ሚሊሜትር እየበየድክ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻገር። አንገቱ ውስጥ ቶርኖ የተቆረጠ ድፍን ብረት ሳታስገባ እንዳትበይደው፤ የኩሽኔታዎቹ መቀመጫ ሞላላ ይሆንና መሪው በአንድ በኩል ይይዛል። ብየዳው ሳይበርድ ከጠረጴዛው አትፍታው። ለማሳመር ብለህም በግራይንደር አትላገው፣ የምትልገው ጥንካሬውን ነው።

የበረሳ ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የውኃ ቧንቧ ተርፎኝ ነበር፣ ጋልቫናይዝድ፤ እሱስ አይሆንም?

ጠባሴ ብየዳ፦
አይሆንም። ዚንኩ ሲቃጠል ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፣ ብየዳውንም ወንፊት ያደርገዋል። ለጠረጴዛው እግር ተጠቀምበት፣ እሱንም የምትበይደውን ጫፍ ዚንኩን ከላይም ከውስጥም ሙልጭ አድርገህ፣ ደጅ ላይ።

ጄት ለዋጭ፦
ስለ ካርቡሬተሩ ልመልስ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ 15 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ካንዴላው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ዋናው ጄትህ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በቀዳዳዋ የምትመጥነው ትንሽ ቁራጭ) ቁጥሩ የቀዳዳውን ዲያሜትር በመቶኛ ሚሊሜትር የሚያሳይ ከሆነና ለባሕር ጠለል 100 ቢሆን፣ ለደብረ ብርሃን 92 ወይም 95፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ሸዋ ሮቢት 98 ሞክር። ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ በ92 ወርደህ ቆላ ላይ ጋዙን እስከ ጥግ ይዘህ ብትቆይ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስቶን ይነክሳል። የምትወርድ ከሆነ ጄቱን ለውጠህ ውረድ። ስትመለስ ደግሞ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ዳገቱ ላይ ቢታፈን አትደንግጥ።

ጄት የምትመርጠው ግን ማርሚታውና የአየር ማጣሪያው ከተጠናቀቁ በኋላ ነው። ማጣሪያውን አውጥተህ ክፍት ጥሩምባ ብታደርግለት ድብልቁ ስለሚሳሳ ቁጥሩ እንደገና ይቀየራል፤ በኛ አቧራ ደግሞ ፋሻውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለማየት ሞተሩ ከጋለ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ይዘህ ሂድ፣ ፍሪሲዮን ጨብጠህ ወዲያው አጥፋውና ካንዴላውን ፍታ። ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ጄቱን ከፍ አድርግ። መሐል ጋዝ ላይ ብቻ ከጨሰ የካርቡሬተሩ መርፌ ላይ ያለችውን ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አውጣ። የጎደለው ጉልበት ግን በጄት አይመለስም፤ የኋላው ስፕሮኬት ላይ 2 ወይም 3 ጥርስ ጨምርለት፣ አለዚያ አምስተኛ ማርሽን አይጎትተውም።

ሰላድንጋይ፦
ስለ ታንኩና ስለ ኮርቻው ጀርባ ማንም አላነሣም። ታንኩን በ1 ሚሊሜትር ላሜራ ሥራው፣ ስትጨርስ የሚያፈስ ቦታ እንዳለው ለማየት ሳሙና ቀብተህ በአፍህ ብቻ ንፋው። በኮምፕሬሰር ከሆነ ይነፋፋና ቅርጹን ያጣል። የድሮውን ታንክ ቆርጠህ ልጠቀም ካልክ ባዶ መስሎ ቢታይም ውስጡ ትነት አለ፤ በፈላ ውኃና በኦሞ ደጋግመህ ካላጠብክና እስከ አፉ ውኃ ሞልተህ የምትቆርጠውን ቦታ ብቻ ካላስቀረህ እሳት አታስጠጋ። ስትገጥመው በጎማ ላይ ይቀመጥ፣ ብረት ከብረት ከሆነ በንዝረት ይሰነጠቃል።

የኮርቻው ጀርባ በፋይበር ግላስ ይሻላል፦ 450 ግራም ምንጣፍ ሦስት ድርብ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 3 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን፣ ሃርድነሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አሙቀህ ሥራ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ተጣብቆ ይቀራል። በብርዱ ምክንያት ሃርድነር መጨመር ደግሞ ሲሞቅ ይሰነጥቀዋል።

የበረሳ ዳር፦
የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ሳወጣ ማርሹ ይገለበጣል የሚባለውስ? ከዚያስ የት ልሞክረው?

ሰላድንጋይ፦
የማርሹን መቀየሪያ ዘንጉ ላይ ወደ ኋላ አዙረህ ብትገጥመው ይገለበጣል፣ ወደ ላይ የነበረው ወደ ታች ይሆናል። መልሰህ ለማስተካከል አጭር ዘንግና ሁለት የኳስ መጋጠሚያ አስገባ። የፍሬን ዘንጉንም ስታሳጥር የፔዳሉን ልክ አብረህ ጠብቅ፤ ፔዳሉ ካጠረ ፍሬኑ ይደነድናል፣ አይይዝም። ሞተር ማጥፊያ ቁልፍ መሪው ላይ የግድ ይኑር።

ሰሌዳ የሌለው ስለሆነ በደሴው አስፋልት ከከባድ መኪና ጋር አይሞከርም፤ ባለቤቱ የፈቀደልህ ደልዳላ ሜዳ ፈልግ። ከመጀመሪያው 20 ኪሎሜትር በኋላ ሁሉንም ቡሎንና ዳዶ እንደገና አጥብቅ። ከዚያ ቀለም ሳይቀባ ብየዳዎቹን ነጭ ጋዝ ቀባ፣ በጨርቅ ጥርግ አድርገህ የጠመኔ ዱቄት ንዛበት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። በተለይ ቱቦዎቹ የሚተላለፉበትን አንገትና የኋላ ሹካውን ማዞሪያ እይ። መስመር ካየህ ላዩን አትድፈነው፤ ስንጥቁ እስኪያልቅ በግራይንደር ቆፍረህ አውጣና እንደገና በይደው።