የደጀንን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም

ሰላም ወገኖች። ከደብረ ማርቆስ ጎሃጽዮን ሚኒባስ እሠራለሁ። ሰሞኑን አባይን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ነዳጅ ስሰጠው ዙሩ ይጨምራል፣ ጉልበት ግን የለውም፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ሜዳ ላይ ሰላም ነው። አንድ ጋራዥ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድና ይታደስ» አለኝ። እውነት ነው?

— ወንድሜ፣ ካምቢዮ ለማሳደስ አትቸኩል። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል፣ እየተንሸራተተ ነው የሚመስለው። ሜዳ ላይ ቁም፣ ከፊትህ ሰው አይኑር፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀህ ሳብና 3ኛ ማርሽ አስገብተህ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ይይዛል። ካልጠፋ አይዝም ማለት ነው። አንዴ ይበቃል፣ ስትደጋግመው ታቃጥለዋለህ።

— ልክ ነው፤ ግን መጀመሪያ ፔዳሉን እዩት። በገመድ የሚሠራ ከሆነና ገመዱ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ሸራው ደህና ሆኖም ይንሸራተታል፤ ያ በማስተካከል ብቻ ይድናል። ከሞተሩ ኋላ ዘይት ሸራው ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ካልተዘጋ አዲሱም ሸራ አይበረክትም።

— ሞከርኩት፣ ሞተሩ አልጠፋም። ፔዳሉም ልክ ነው። ሸራውን ብቻ ልቀይር?

— እንደዚያ አታድርግ። ካምቢዮው ለዚህም መውረዱ አይቀርም፣ የእጅ ዋጋው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሸራውን፣ ፕሌቱን (ሸራውን የሚጫነውን) እና ኩሽኔታውን (ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሌቱን የሚገፋውን) አብረህ ቀይር፣ ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) ተሰንጥቆ እንደሆነም አስፈትሽ። ደግሞ እባክህ ዳገት ላይ መኪናውን ፔዳሉን በግማሽ ለቅቀህ በፍሪሲዮን አታቁመው፣ በፍሬን ያዘው፤ የኔን የጨረሰው ይሄ ነበር።