አስቸኳይ፦ መርማሪው «ፈጠራህ አዲስ አይደለም» አለኝ፤ 5 ቀን ነው የቀረኝ

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ፓተንት አስገብቼ ነበር። መርማሪው 12ቱንም ክሌይሞቼን (የጠየቅኩትን የመብት ወሰን ማለቴ ነው) አልቀበልም ብሎ ጻፈልኝ።

ፈጠራዬ መቆንጠጫ ነው። አንድ ወጥ ነው። ብሎን የለውም፣ ማጠፊያ የለውም፣ ስፕሪንግ የለውም። ከናይለን በስሪ-ዲ ፕሪንተር ነው የሚወጣው። ሲጫኑት ይታጠፍና ጫፎቹ ይገጥማሉ፣ ሲለቁት ራሱ ይመለሳል። የሰዓት ዕቃ፣ የመነጽር ብሎን፣ ሌንስ ሳይጭር ያነሣል። 2 ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የለፋሁበት ነው።

ያመጣብኝ ከእኔ በፊት የነበሩ ሁለት ፓተንቶችን ነው። አንዱ የድሮ የሐኪም መቆንጠጫ ነው፤ ያውም ብረት! ሌላው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ነው። ክዳንና መቆንጠጫን ምን አገናኛቸው? መርማሪው ሥራዬ የገባው አይመስለኝም። ጠበቃ የለኝም፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ምን ብዬ ልመልስ? ናሙናውን በፖስታ ልላክለት?

ቀጭኔ
አይዞህ ወንድሜ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ውድቅ ሆኖ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ። ግን ዋናውን ነገር አልነገርከንም። የት አገር ነው ያስገባኸው? ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ስንት ነው? በኛ ነው በፈረንጅ? ክሌይም 1ንም ቃል በቃል ለጥፍልን።

ዳላስ 21
ኢንተርቪው ጠይቅ፤ ከመርማሪው ጋር በቀጥታ መነጋገር ማለት ነው። የመርማሪው ስልክ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አለ። ክፍያ የለውም።

ጥንቁቁ
ቆይ፣ ክሌይም በአደባባይ አትለጥፍ! ሰው ይሰርቅሃል።

ቀጭኔ
@ጥንቁቁ፣ ማመልከቻው ገብቷል፤ ያስገባበት ቀን ተይዞለታል። ማመልከቻው ውስጥ ያለውን ቢያሳየን የሚያጣው የለም። ካስገባ በኋላ ያሻሻለው አዲስ ነገር ካለ ግን ልክ ነህ፣ እሱን አያውጣ።

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
አሜሪካ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 14 ነው፣ በፈረንጅ። 3 ወር ይላል። ዛሬ ኤፕሪል 9 ነው። ደብዳቤውን የከፈትኩት ግን ባለፈው ሳምንት ነው።

ክሌይም 1፦ «ዕቃ መያዣ መሣሪያ፤ ሁለት ክንዶች ያሉት፤ ክንዶቹ ከአንድ ወጥ ቁስ የተሠሩና በሚታጠፍ ክፍል የተያያዙ፤ የሚታጠፈው ክፍል ክንዶቹ ሲጫኑ ጫፎቹ እንዲገጥሙ፣ ሲለቀቁም ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ የሚያስችል።»

ይኸው ነው።

አንጥረኛው
ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ወረንጦ ነው።

እናቴ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር። እሾህ ሲወጋን በእሱ ነው የምታወጣልን። አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ወገቡ ላይ ይታጠፍና ሁለት ክንድ ይሆናል። ስትጨብጠው ይገጥማል፣ ስትለቀው ይከፈታል። ወገቡ ከወፈረ እጅ ያደክማል፣ ከሳሳ ደግሞ ጣመም ብሎ ይቀራል። አሁን ክሌይምህን አንብብና እናቴ አንገት ላይ ያልነበረውን አንድ ቃል አሳየኝ።

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወረንጦን አሜሪካዊ መርማሪ በምን ያውቀዋል? ደግሞ የእኔ ናይለን ነው።

የድሮ ተማሪ
እኔ ሕግ ባልማርም እንዲህ ዓይነት ተጣጣፊ መካኒዝም ላይ ሠርቻለሁ፣ ሁለት ጊዜም በዚህ በር አልፌያለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ ወረንጦው። ከማርች 16 ቀን 2013 ወዲህ በገቡ የአሜሪካ ማመልከቻዎች፣ የትኛውም አገር ውስጥ በአደባባይ ሥራ ላይ የዋለ ነገር ይቆጠራል። ድሮ ውጭ አገር ሥራ ላይ መዋሉ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በጽሑፍ ወይም በፓተንት መውጣት ነበረበት። ስለዚህ የጋሼ ወረንጦ በሕግም ወረንጦ ነው።

ናይለን ነው ብለሃል። ክሌይምህ ውስጥ ናይለን የሚል ቃል አለ? የለም። «አንድ ወጥ ቁስ» ነው ያልከው። ብረትም አንድ ወጥ ቁስ ነው። መርማሪው ቃልህን ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ በሰፊው ነው የሚተረጉመው፤ ሥራው ነው። በእጅህ ያለውን መቆንጠጫ አይደለም የመረመረው፣ የጻፍከውን ነው።

ውድቅ የሚያደርግብህ በአሜሪካ ፓተንት ሕግ ክፍል 102 ወይም 103 ነው። ክፍል 102 ማለት አንድ የቀድሞ ፈጠራ ብቻውን በክሌይምህ ያለውን ሁሉ ይዟል ማለት ነው። አንዲት የጎደለች ነገር ካሳየህ ይፈርሳል። ክፍል 103 ግን የቀድሞዎቹን እያየ ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር ነው የሚለው። እዚያ ላይ «ይሄኛው ይህ የለውም» ማለት አያዋጣህም፤ ሌላኛው ካለው ያጣምራቸዋል። መከራከር ያለብህ ለማጣመር ምክንያት አልነበረም፣ ወይም ቢጣመሩም የእኔን አይሰጡም ብለህ ነው።

የክዳኑ ነገር። ከሌላ ሙያ የመጣ ፈጠራ አንተን ያስጨነቀህን ችግር የሚመለከት ከሆነ መጠቀስ ይችላል። የሻምፑ ክዳን አይተሃል? ሺህ ጊዜ ትከፍተዋለህ፣ አይሰበርም፤ ማጠፊያው ራሱ ስስ ፕላስቲክ ነው። ያንተም ችግር ያው አይደል? ስስ ፕላስቲክ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንዳይሰበር። ቦታው በግማሽ ሲሳሳ ለመታጠፍ የሚፈልገው ኃይል ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። ያንኑ ያህል ማዕዘን ሲታጠፍም የሚሸከመው ጫና ይቀንሳል። ይሄን ዘርፉ ያውቀዋል። ፓሮስና ዌይስቦርድ ለተሞረደ ማጠፊያ ቀመሩን ያሳተሙት በ1965 ነው። «ቀጠን አድርጌዋለሁ» ብቻውን አያድንህም።

«ሲለቀቅ የሚመለስ» ብሎ ሥራውን መናገርም አያድንም። ሽራይበር የሚባል ሰው ከዕቃ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ፈንዲሻ ብቻ የሚያሳልፍ ሾጣጣ ክዳን ሠራ። መርማሪው የስዊዘርላንድ የዘይት ጣሳ አፍ አመጣበት። ሰውየው «የእኔ ለፈንዲሻ ነው» ብሎ ተከራከረ። በ1997 ፍርድ ቤቱ ቅርጹ አንድ ከሆነና ያንኑ ሥራ መሥራት ከቻለ፣ ለምን ሥራ መዋሉ አይለየውም አለ።

አንድ ልጨምር፣ ይሄን ስለምወደው ነው። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ 103 የበየነበት ትልቁ ጉዳይ፣ ግራሃም ከጆን ዲር ጋር የተከራከረበት፣ ስለ ማረሻ ነው! ድንጋያማ መሬት ላይ የሚያርስ፣ ድንጋይ ሲመታ የሚነሣና የሚመለስ ማረሻ። ግራሃም ቀድሞ ከማጠፊያው ሳህን በላይ የነበረውን የማረሻ እግር ከሳህኑ በታች አደረገው። ፍርድ ቤት ቀርበው «በዚህ ምክንያት እግሩ በሙሉ ርዝመቱ ይለምጣል» አሉ። ችሎቱ ግን ይህ የመለመጥ ነገር ፓተንት ቢሮው ፊት ጭራሽ አልተነሣም አለ፣ ፓተንቱም ወደቀ። የመታጠፉ ጥቅም ዋናው ነገርህ ከሆነ፣ ማመልከቻህ ውስጥ ጽፈኸዋል ወይ? ካልጻፍከው አሁን አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድልህም።

ዳላስ 21
ብዙ አታንብብ። ኢንተርቪው ጠይቅ፣ በስልክ ያልቃል።

ቀጭኔ
ኢንተርቪው ጥሩ ነው፣ ግን ሰዓቱን አያቆምም። መርማሪው እስኪደውልልህ ኤፕሪል 14 ያልፋል። ካለፈ በየወሩ እየከፈልክ ማራዘም ትችላለህ፤ ጣሪያው ደብዳቤው ከወጣበት ቀን 6 ወር ነው። ከዚያ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። የሚቆጠረውም አንተ ከከፈትክበት ቀን አይደለም።

ናሙና አትላክ። ካልጠየቁህ በቀር በደንቡ አይቀበሉም። በኢንተርቪው ጊዜ በቪዲዮ ልታሳየው ትችላለህ።

እናት መሐንዲስ
ማሽኒስቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ ማጠቃለያ አለ፤ ሣጥን ሣጥን ያለው። የትኞቹ ቁጥሮች ውድቅ እንደሆኑ ይዘረዝራል። በትክክል ምን ይላል? 12ቱም ውድቅ ከሆኑ አንድ መሥመር ነው የሚሆነው።

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
ከ1 እስከ 8 እና ከ10 እስከ 12 ውድቅ ይላል። ከሥሩ ደግሞ 9 ተቃውሞ አለበት ይላል። ያው ነው አይደል?

እናት መሐንዲስ
ያው አይደለም! እልል በል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሂድና «9 ውድቅ በሆነ ክሌይም ላይ ስለተንጠለጠለ ነው የተቃወምኩት፣ ራሱን ችሎ ቢጻፍ ተቀባይነት ይኖረዋል» የሚል ነገር ፈልግ። መንጠልጠል ማለት ሌላ ክሌይም ጠቅሶ በእሱ ላይ መጨመር ነው። 9 ምንድን ነው?

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
አገኘሁት። ቃል በቃል እንዲያ ይላል። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልፌው ነበር።

9 ማቆሚያዋ ናት። ክንዶቹ መካከል ትንሽ ጉብታ አለች። ክንዶቹ ከልክ በላይ ሲጨበጡ እርስ በርስ ትነካካና የሚታጠፈው ቦታ ከዚያ በላይ እንዳይታጠፍ ትይዘዋለች። ያስገባኋት ቸግሮኝ ነው። መጀመሪያ የሠራኋቸው ሁሉ ይሰበሩ ነበር። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነጭ መሥመር ትወጣለች፣ በማግሥቱ ቀጭ ይላል። ጉብታዋን ከጨመርኩ በኋላ አንድም አልተሰበረብኝም። እኔ ግን እንደ ዋና ፈጠራ አላየኋትም ነበር።

አንጥረኛው
ይኸውልህ። ወረንጦ ይህች የለችውም። ልጅ ሆነን አጥብቀን ጨብጠን ስንት ጊዜ አጣመምንባት! ፈጠራህ እሷ ናት ልጄ።

እናት መሐንዲስ
እንዲህ አድርግ። 9 በማን ላይ ነው የተንጠለጠለችው? በ7 ላይ ከሆነች፣ 7ም በ1 ላይ ከሆነ፣ የ1ን፣ የ7ንና የ9ን ቃላት በአንድ ላይ አድርገህ ራሷን የቻለች ክሌይም ጻፍ። የ7ን ከረሳህ መርማሪው እሺ ያለው ያንን አይደለም። የጨመርከው ከሥሩ ይሰመርበታል፣ የሰረዝከው በላዩ ላይ ይሰመርበታል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ቀጥሎ ሁኔታው ይጻፋል፦ የተሻሻለ፣ የተሰረዘ፣ ያልተነካ። ይሄን ካጎደልክ ይመልሱልሃል።

የድሮ ተማሪ
በ9 ብቻ መስማማት አያጠብበትም? ጎረቤት ጉብታዋን በሌላ መያዣ ቢቀይራት ያመልጣል። እኔ ብሆን በ1 ላይ እከራከራለሁ።

እናት መሐንዲስ
በየትኛው 1 ላይ? ወረንጦ የሆነው ላይ? ወንድሜ፣ ልጁ ጠበቃ የለውም፣ 5 ቀን ነው ያለው። መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ያስከብር። ሰፋ ያለውን መከራከር ከፈለገ፣ ይሄኛው ፓተንት ሆኖ ሳይወጣ በፊት ተከታይ ማመልከቻ ማስገባት ይችላል። የመጀመሪያው ቀኑም ይጠበቅለታል።

ማሽኒስቱ፣ ሁለት ነገር ደግሞ። የቀድሞውን ፓተንት ሥዕል እየለካህ «የእሱ ውፍረት ይህን ያህል ነው» ብለህ አትከራከር። ጽሑፉ በልክ የተሳለ ነው ካላለ የሥዕል ልኬት ዋጋ የለውም። ገቢህ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ የማይክሮ ደረጃ ተመልከት፣ የአብዛኛውን ክፍያ 80 በመቶ ይቀንስልሃል። ራሳቸውን ለሚወክሉ ሰዎችም ቢሮው ነፃ የእርዳታ መሥመር አለው፤ ነፃ ጠበቃ የሚያገናኝ ፕሮግራምም አለ።

ጥንቁቁ
እዚህ የወረንጦው ነገር ተነሥቷል። አሁን አውቆታል ማለት ነው። ለመርማሪው መናገር የለበትም?

እናት መሐንዲስ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነ ነገር ካወቀ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መርማሪው የያዘውን ብቻ የሚደግም ከሆነ ግን አዲስ ነገር አይጨምርም። የሐኪሙ መቆንጠጫ ያንኑ ይላል። ቢጠራጠር ያስገባው፤ የሚጎዳው ነገር የለም።

አዲሱ 07
አገር ቤትስ ማስገባት አይሻለውም? አነስተኛ ፈጠራ የሚባል አለ።

ቀጭኔ
አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987። ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዛሬውን እሳት አያጠፋም። ለብቻው ክፈተውና እንወያይበት።

ማሽኒስቱ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 9 የተንጠለጠለችው በ7 ላይ ነው፣ እንዳልሽው። ለመርማሪው ደውዬ መልእክት ትቻለሁ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ እናትዎ በሕይወት ካሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ዳላስ 21
ኢንተርቪው ጠይቅ ብዬህ ነበር። ጎበዝ።

ቀጭኔ
ዛሬ 16 ነው። ማሽኒስቱ፣ አስገባህ? ካላስገባህም አትጥፋ። የማራዘሚያውን ክፍያ ከመልሱ ጋር አብረህ ማስገባት ትችላለህ። የመጨረሻው ቀንህ ጁላይ 14 ነው።

እናት መሐንዲስ
የጻፍከውን ክሌይም ከማስገባትህ በፊት ለጥፈው፤ እኔ እስከ ሌሊት ነቅቻለሁ።