የካይሮ ጉዞ ረቂቅ፦ ከቅዳሜው ስብሰባ በፊት የሚስተካከል

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ለአምስት ቀን አሥራ አንድ ቦታ ይዟል። ይህ ጉብኝት ሳይሆን ሩጫ ነው። ቦታ መጨመር የሚፈልግ በምትኩ የሚወጣውንም አብሮ ይጻፍ።

የሕንፃ ባለሙያዋ፦ ሦስቱ መስጊዶች፣ ኢብን ቱሉን፣ አል አቅመርና ሱልጣን ሐሰን አይነኩብኝ። ኢብን ቱሉን እ.ኤ.አ. በ879 ሲያልቅ በጡብ ነው የተሠራው፤ ክብደቱን የተሸከሙት ወፋፍራም የጡብ ምሰሶዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1125 የተሠራውን አል አቅመርን ትንሽ ስለሆነ አስጎብኚዎች ቶሎ ያልፉታል። የፊቱ ግድግዳ መንገዱን ተከትሏል፣ ውስጡ ግን ወደ ቂብላ፣ ማለትም ሲሰገድ ወደሚዞርበት ወደ መካ አቅጣጫ ዞሯል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ስለማይገጥሙ ልዩነቱን የዋጠው ግድግዳው ነው፤ ወደ አንዱ ጎን እየወፈረ ይሄዳል። ከበሩ በላይ ደግሞ እንደ ዛጎል የተሸነሸነ ቅርጽ አለ፣ መሐሉ ላይ የሙሐመድና የዓሊ ስም ተቀርጿል። ለዚህ ብቻ አርባ ደቂቃ ያዙልኝ።

የሒሳብ ሹም፦ ፒራሚድ ሳናይ ተመለስን ብንል ጅማ ላይ ማን ያምነናል?

የሕንፃ ባለሙያዋ፦  ጋሼ፣ ፒራሚዱ ይቀራል አላልኩም። ታላቁ የግብፅ ሙዚየም እዚያው ጊዛ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን እናድርጋቸው። የቱታንኻሙን ዕቃዎችም ያሉት እዚያ ነው። የሚወጣው ታህሪር አደባባይ ያለው የድሮው የግብፅ ሙዚየም ነው።

የታሪክ መምህሩ፦ እስማማለሁ፤ የተንጠለጠለችው ቤተ ክርስቲያንና የኮፕት (የግብፅ ክርስቲያኖች) ሙዚየም ግን አንድ ግማሽ ቀን ይሰጣቸው። በማር ጊርጊስ ሜትሮ ጣቢያ ወርዶ በእግር ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያኗ የቆመችው በሮማውያን ምሽግ በር ላይ ነው። መቅደሱን በሚጋርደው የእንጨት ግድግዳ ላይ ያለውን የዝሆን ጥርስና የእንጨት ሥራ ካዩ በኋላ በእስላም ጥበብ ሙዚየም ያሉትን በፋጢማውያን (ካይሮን በመሠረቱት የእስላም ገዢዎች) ዘመን የተቀረጹ እንጨቶች ማየት ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማስጎብኘት የተለመደ ስህተት ነው፤ አንድ ከተማ ውስጥ የተሠሩ ናቸው እኮ!

የጉዞ አስተባባሪ፦ ከዓርብ ጠዋት መስጊድ ይውጣ፤ የጁምዓ ሰዓት ለጎብኚ ዝግ ነው። ያን ቀን ለሙዚየም እናድርገው። ከስምንት ሰው በላይ አንድ ላይ አይግባ፤ የሱልጣን ሐሰን መግቢያ ጨለም ያለና የሚታጠፍ ስለሆነ ቡድን ሲበዛ ይዘጋል፣ አራቱ ትላልቅ ኢዋኖች (በአንድ ወገን ክፍት የሆኑ ቅስት አዳራሾች) ወዳሉበት ግቢ ሲወጣ የሚመጣው ድንገተኛ ብርሃንም ይበላሻል። ለሴቶች ሻሽ፣ ለሁሉም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ካልሲ። ጫማ ለሚጠብቁት ሰዎች ዝርዝር ገንዘብ ይያዝ። ጉልላት ውስጥ ያለ ጌጥ በዓይን ብቻ አይነበብም፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ባይኖኩላር እንከራይ። ሦስት እግር ያለው የካሜራ ማቆሚያ ግን አይያዝ፤ በር ላይ ያስቆማል።

የሒሳብ ሹም፦ ኅዳር ከሆነ ጾም ይገባል፣ ምግብስ?

የጉዞ አስተባባሪ፦ ኮሻሪ አለልዎ ጋሼ። ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ በቲማቲም ስጎና በተጠበሰ ሽንኩርት፤ ሥጋ የለበትም። ፉልም አለ፣ ቅቤ እንዳይነካው ብቻ ይጠየቅ። ይልቅ የቢጫ ወባ ካርድና ፓስፖርት አሁኑኑ ይታይ፤ ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይኑረው። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አይቆረጥ።

የታሪክ መምህሩ፦ ከመሄዳችን በፊት አንድ እሑድ እዚሁ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን እንውጣ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእርምጃ ይለካ፤ እያንዳንዱ ሰው ፕላኑን በእጁ ይንደፍ፣ ምሰሶው ከሰገነቱ ጋር የሚገናኝበትንም አንድ ቦታ ይሣል። ያን የለመደ ሰው ካይሮ ላይ ስልኩን ብቻ ይዞ አይዞርም።

ጸሐፊ፦ ተያዘ። የታህሪሩ ሙዚየም ወጥቷል፣ ጅሬን ገብቷል። የባይኖኩላሩን ኪራይ ዋጋ ማን ያጣራል?