ግብጦ በልቶ የሚያስመልሰው ልጅ፦ ቤት ይቆይ ወይስ ጤና ጣቢያ ይሂድ?

የዳንግላው
ልጁ 6 ዓመቱ ነው። ጠዋት ከጎረቤት ልጆች ጋር ግብጦ በልቶ እስካሁን ሦስት ጊዜ አስመለሰው። ትኩሳትም ተቅማጥም የለውም። አንዱ ወባ ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ መቶት ነው። ምን እናድርግ?

ነርሱ
ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት። ምሬቱ በደንብ ያልወጣለት ግብጦ ይመርዛል። ዓይኑን እዩ፤ ብርሃን ላይ እንኳ ብሌኑ ሰፍቶ ከቀረ፣ አፉ ከደረቀ፣ ብዥ ካለበት፣ ልቡ በኃይል ከመታ፣ ሽንት እምቢ ካለው ወይም ከቀባዠረ ለደቂቃም አትጠብቁ። ጣት ከቶ ማስመለስም ሆነ ፌጦና አረቄ ማጠጣት አይሆንም። ከበላው ግብጦ ጥቂት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስንት እፍኝ እንደበላና ሰዓቱን ንገሯቸው።

ፋርማሲስቷ
መንገድ ላይ ፈሳሽ እንዳያጥረው። አንዱ ፓኬት ኦአርኤስ (የድሮው ለምለም) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። በአንድ ብርጭቆ የሚበጠብጡት አሉ፤ ጨው ስለሚበዛበት ልጁን ይጎዳዋል። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ አሳርፉት፣ ከዚያ በየ2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ። ጠማኝ ብሎ ብርጭቆውን ከጨለጠ መልሶ ያወጣዋል። ፓኬት ከሌለ ለ1 ሊትር ማንኪያው ሳይቆለል 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከ24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ልጁ ከደነዘዘ ግን በአፉ ምንም አይግባ።

ነርሱ
«ወባ ነው» ያለው ሰውም ዝም ብሎ አልተናገረም። ከአባይ በረሃ ወይም ከሌላ ቆላ የተመለሰ ሰው አተኩሶት ካስመለሰው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። ሆዱ ተነፍቶ፣ እያመመው፣ ፈስ እንኳ ከተከለከለ አንጀት ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳትሰጡት። አረንጓዴ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ቀኑን ሙሉ ምንም አልረጋ ማለት፣ ሽንት መጥፋት፦ እነዚህም ቤት የሚያቆዩ አይደሉም።

ፋርማሲስቷ
ነፍሰ ጡር ጠዋት ጠዋት ቢያቅለሸልሻት ከአልጋ ሳትነሣ ደረቅ ዳቦ ትቅመስ። ከአምስተኛው ወር በኋላ ከራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ግን የደም ግፊቷ አሁኑኑ ይለካ።
ደግሞ ፀረ ተባይ ሲረጭ የዋለ ሰው አስመልሶት ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ላብ ካጠመቀውና ብሌኑ ከጠበበ (ከግብጦው ተቃራኒ መሆኑ ነው) ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡና ሩጡ።

የቋሪቷ
ስለ ግብጦው አንድ ነገር። መቁላት ብቻውን ምሬቱን አያወጣውም። ከቆሉት በኋላ በወራጅ ውሃ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ በዕቃ ከሆነ ውሃው ጠዋትና ማታ ይቀየራል። ከታች ካለው አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በምላስ ጫፍ ቅመሱና ትፉት፤ ከመረረ ገና ነው።