ጥቆማ፦ ሲያትል አካባቢ በክረምት እናቴን የምወስድበት የድሮ ደን

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ለገና ከአንኮበር መጥታለች። 64 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ ግን ቀስ ካለች አንድ ሰዓት ትራመዳለች። ከመጣች ሦስት ሳምንቷ፤ እስካሁን ያየችው የኔን ሳሎን፣ ቤተ ክርስቲያንና ሳውዝሴንተር ሞልን ነው። ትናንት በመስኮት እያየች «እዚህ አገር ዛፉ ሁሉ ሰው የተከለው ነው እንዴ?» አለችኝ። መጥረቢያ ያልነካው ደን ውስጥ፣ በክረምትም የሚያስኬድ የእግር መንገድ የምታውቁ ጠቁሙኝ። በረዶ ላይ መንዳት አልችልም፣ መኪናዬ ኮሮላ ናት። ጫማም የላትም፣ በካልሲና በነጠላ ጫማ ነው የምትዞረው። ጫማ ከየት ልግዛላት?

ሱባ ናፋቂ፦
መናገሻ ሱባ! ሌላ ምን ይጠየቃል? ጽዱ፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላው። ዘሩን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። በክረምት ግን አልመክርሽም፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ነው፣ ኮሮላ አይሞክረውም። ጥቅምት እስኪገባ ጠብቂ።

ዝናብ ለመደኝ፦
ወንድሜ፣ ርዕሱ ላይ «ሲያትል» የምትለዋን ቃል ዘለልካት?

ሱባ ናፋቂ፦
«ክረምት» ስትል ነዋ! ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። አሁን መጸው ነው፣ ገና ሳይደርስ በጋ ይገባል። ዊንተር ማለት ከፈለጋችሁ ዊንተር በሉ፣ ሰው አታሳስቱ።

የእማዬ ልጅ፦
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዊንተር ማለቴ ነው። ሱባን በተመለከተ እናቴ ያደገችው ወፍ ዋሻ ሥር ነው። ስነግራት «እኛ ዘሩን ሰጠናቸው፣ እነሱ ስሙን ወሰዱ» አለች።

ኮስትኮ ካለ፦
ጫማ ከትልቁ መደብር ከኮስትኮ። ካልተመቻት ትመልሻለሽ፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ተሳፋሪዋ፦
እህቴ፣ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማንም ገንዘብ አታስቀድሚ። አምና በታኅሣሥ አማቴ መጥተው ሳለ ቴሌግራም ላይ «የሺህ ዓመት ደን፣ ቫንና አስጎብኚ፣ ምሳ ጭምር፣ በሰው 65 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ስም አልጠራም። አራት ነበርን፣ 260 ዶላር በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላክሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ዝግጁ ሁኑ ተባልን፣ ቫኑ የመጣው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ሬይነር ተራራ መግቢያ ላይ ጠባቂው «ሰንሰለት ይዛችኋል?» ሲል ሹፌሩ ሳቀ። እዚያ ፓርክ ውስጥ ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ማንኛውም መኪና የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው፤ ሰው አስጎበኛለሁ የሚል ይህን አያውቅም! ተመለስን። ሲመሽ መንገድ ዳር አቁሞ አንድ ትልቅ ግንድ አሳየን። ተቆርጦ የተጋደመ ግንድ። ከዚያ «ምሳችሁ» ብሎ ያወረደን የት መሰላችሁ? ክትፎ ቤት። በነቢያት ጾም! አማቴ ቫኑ ውስጥ ቀርተው ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው በሉ። እስከ ዛሬ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ያ ክትፎ ደኅና ነው?» ይሉኛል።

የሰፈር ሰው፦
እኔ ነሐሴ ላይ አብሬው ሄጃለሁ፣ ልጁ ጨዋ ነው። ሰዓትም ያከብራል።

ተሳፋሪዋ፦
ስም አልጠራሁም። ማን እንደሆነ በምን አወቅህ?

የሰፈር ሰው፦
ነጭ ቫን አይደል?

ዝናብ ለመደኝ፦
ነጭ ያልሆነ ቫን አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ ነሐሴ ላይ ሰንሰለት ማን ይጠይቀዋል? 260 ዶላር ከፍሎ የተቆረጠ ግንድ ማየት ግን ይገርማል። እንጨት መሸጫው ሆም ዲፖ በነጻ ያሳያሉ፣ ለዚያውም ተልጎ።

የሰፈር ሰው፦
የወገንን ሥራ ማጣጣል ልማዳችን ነው። የፈረንጅ አስጎብኚ ቢሆን 200 በሰው ከፍላችሁ «ቴንኪው» ብላችሁ ትመጡ ነበር።

ዲያቆን ነኝ ማለት ይቻላል፦
ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 መሆኑን ክትፎ ቤቱም ያውቃል፣ የጾም በያይነቱ ይሠራል። እናት መኪና ውስጥ ከሚቀሩ ሽሮ ቢታዘዝላቸው ምን ነበረበት?

ተሳፋሪዋ፦
«ቅቤ የነካው ምጣድ ነው» ብለው እንቢ አሉ። አማቴን አታውቃቸውም።

የእማዬ ልጅ፦
ወገኖቼ፣ ደኑስ?

ተራራ ገፊ፦
ሌክ ትዌንቲቱ ሂጂ። ሴዳር የሚባሉት ዛፎች ግዙፍ ናቸው፣ ፏፏቴ አለ፣ ከላይ ሐይቅ። እኔ ደርሶ መልሱን በሁለት ሰዓት ጨረስኩት።

ራይነር አቬኑ፦
ተራራ ገፊ፣ ጎበዝ ነህ፣ ግን ጥያቄው ስላንተ አልነበረም። ያ መንገድ ደርሶ መልስ ከ5 ማይል በላይ ነው፣ 1,350 ጫማ ሽቅብ ያስወጣል፣ በዊንተር ሐይቁ ጋ የበረዶ ናዳ አደጋ አለው። የ64 ዓመት ሴት በኮሮላ!

እህቴ፣ ያለሽው ሲያትል ከሆነ ሩቅ አትሂጂ። ሲዋርድ ፓርክ ከራይነር አቬኑ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የምንሄደው በሰመር ሥጋ ልንጠብስ ስለሆነ ጀርባችንን የሰጠነውን ደን አናውቀውም። ከፓርኩ 300 ኤከር ውስጥ 120 ያህሉ ያልተመነጠረ የድሮ ጫካ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ዳሩን የሚዞረው 2.4 ማይል አስፋልት ለጉልበቷ ይስማማል፣ ጫካ ውስጥ የሚገባው ግን የአፈር መንገድ ነው፣ ሥር ያደናቅፋል፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውስጥ፣ የቀረውን በአስፋልቱ አድርጊው።

አንድ ነገር አሳያት። የወደቀ ትልቅ ግንድ ፈልጊ፣ አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) ያለበሰው። ጀርባው ላይ ሄምሎክ የሚባሉ ትንንሽ ዛፎች ተሰልፈው በቅለው ታያለሽ፣ ሥራቸው ግንዱን እንደ ኮርቻ አቅፎ ወደ መሬት ይወርዳል። አሮጌው በስብሶ ሲያልቅ ሥሮቹ ባዶ አየር አቅፈው ይቀራሉ፤ እንደዚያ በእግሩ የቆመ የሚመስል ዛፍም አለ። አባቴን ስወስደው እዚያ ጋ ሃያ ደቂቃ ቆመ፣ ዳግላስ ፈር የሚባሉትን ረጃጅም ዛፎች ቀና ብሎም አላያቸው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ከ2013 ጀምሮ መሬቱን የሚሸፍነው ፈርን የሚባል ተክል እየደረቀ ነው።

ከመንገዱ አትውጡ፣ በደቡብ በኩል ፖይዝን ኦክ አለ፣ ቅጠሉ ረግፎም እንጨቱ ቆዳ ያቃጥላል። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ፈጽሞ አትግቡ። በኖቬምበር 2024 ነፋስ ስንት ዛፍ እንደጣለ ታስታውሻለሽ። በዚህ ወር ፀሐይ 10፡20 ገደማ ትጠልቃለች (በፈረንጁ 4፡20)፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በፊት ይጨልማል። ስለዚህ ጠዋት ሂዱ።

ራቅ ማለት ካማረሽ ከኢነምክላው በስተ ምሥራቅ 410 መንገድ ላይ ፌደሬሽን ፎረስት የሚባል የስቴት ፓርክ አለ። ሜዳ ነው፣ ዛፎቹም ከሲዋርድ ይገዝፋሉ። ዲስከቨር ፓስ (የስቴት ፓርኮች የመኪና ፈቃድ) ያስፈልግሻል፣ የቀኑ 10 ዶላር ነው፣ አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ያውሳሉ። ግን በረዶ ሊኖር ስለሚችል ጠዋት የመንገዱን ሁኔታ አይተሽ ውጪ። ትዊን ፎልስ የሚባለውን ፏፏቴ ብዙ ሰው ይጠቁማል፤ ደረጃው ለጉልበት አይሆንም።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ነው እንጂ! ሲዋርድ ሽንት ቤት አለው?

ኮስትኮ ካለ፦
ኮስትኮ አለው።

ራይነር አቬኑ፦
አለው። ጫማን በተመለከተ፦ የምትሄዱት ሲዋርድ ብቻ ከሆነ ሶሉ ጥርስ ያለው ማንኛውም ጫማ ይበቃል፣ ዋናው የሱፍ ካልሲ ነው፤ ጥጥ ካልሲ ከረጠበ እግር ያደነዝዛል። ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ የእግር ጉዞ ዕቃ መደብሩ አር ኢ አይ ይሻላል፣ አባል ከሆንሽ እስከ አንድ ዓመት ትመልሻለሽ፣ ያገለገለ የሚሸጡበት ክፍልም አላቸው። አስለክተሽ ግማሽ ቁጥር አስፊ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት እንዳይገፋ።

ኮስትኮ ካለ፦
አር ኢ አይ ለስሙ ነው የሚያስከፍል። እኔ በኮስትኮ ጫማ አምስት ክረምት አሳልፌያለሁ።

ዝናብ ለመደኝ፦
የት የት ሄደህበት?

ኮስትኮ ካለ፦
ኮስትኮ።

ሱባ ናፋቂ፦
ከላይ «ሴዳር» የምትሉት ዝግባ ነው አይደል? መጽሐፍ ቅዱሱ «የሊባኖስ ዝግባ» ይላል።

ራይነር አቬኑ፦
ስሙ እንጂ ዛፉ አንድ አይደለም። የኛ ዝግባ ሌላ ዘር ነው። የዚህ አገሩ ሬድ ሴዳር ይልቅ ለጽድ ይቀርባል፣ ልጡ እንደ ጽድ በረጃጅም ክር ይላጣል።

የሰፈር ሰው፦
ለማንኛውም የቫኑ ልጅ ዘንድሮ ሰንሰለት ገዝቷል። ቁጥሩን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ።

ተሳፋሪዋ፦
ብሬን ይመልስና ሰንሰለቱን በአንገቱ ያድርገው።

የእማዬ ልጅ፦
እማዬን አነበብኩላት። ምርኩዝ ካልያዝኩ አልሄድም አለች፤ ያንንም ከየት ልግዛ?

ዲያቆን ነኝ ማለት ይቻላል፦
መቋሚያ ላውሳት እችላለሁ። በደንብ ትያዘው፣ የአጎቴ ነው።

ራይነር አቬኑ፦
(ከአንድ ወር በኋላ) የእማዬ ልጅ፣ ሄዳችሁ ወይ? እናትሽ ምን አሉ?

ዲያቆን ነኝ ማለት ይቻላል፦
መቋሚያውስ?

ኮስትኮ ካለ፦
ጫማው ቅናሽ ላይ ነው። እስከ እሑድ።